ከካቴናው በፊት ፍሬኑ፦ ደሴ ላይ ለተገዛ አሮጌ ሳይክል

የደረሰኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምንኖረው ደሴ ነው። ለ15 ዓመት ልጄ አሮጌ ባለማርሽ ሳይክል ገዛሁለት። ዳገት ላይ ጠንከር አድርጎ ሲረግጠው ማርሹ ይዘላል። በጣም ቀላሉ ማርሽ ላይ ሲያደርገው ደግሞ ካቴናው ወደ ራጂው (ቸርኬውን ወጥረው ወደያዙት ቀጫጭን ሽቦዎች) ይወድቃል። ፍሬኑም ትንሽ ይጮሃል፣ እጀታውም ሲጨበጥ መሪው ድረስ ይመጣል። ልጁ ኮምቦልቻ አክስቱ ዘንድ በሳይክል ልውረድ ብሎ አስቸግሮኛል። ቤት ያለኝ ካቻቢቴ፣ ፒንሳና ጥቂት ቁልፎች ናቸው። ካቴናው ላይ የምግብ ዘይት ባደርግበትስ? የቱን ራሴ ልሥራ፣ የቱን ለሠሪ ልስጥ?»

አብሽሩ፤ ከዘረዘሩት ውስጥ አብዛኛው እቤት በረንዳ ላይ የሚያልቅ ሥራ ነው። ግን እኔን ያሳሰበችኝ መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጓት የፍሬኗ ነገር ናት። ማርሽ ቢዘል ልጁ ወርዶ እየገፋ ቤቱ ይገባል። እጀታው መሪው ድረስ በሚመጣ ፍሬን ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ መውረድ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን መጀመሪያ የሚያቆመውን፣ ቀጥሎ ጎማውንና መሪውን የሚይዘውን፣ የሚያስኬደውን ደግሞ መጨረሻ ላይ እነካለሁ።

ለምን እንደምጨነቅ ልንገርዎ። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ደሴና ኮምቦልቻ በከፍታ የሚለያዩት ደግሞ በ600 ሜትር ገደማ። ልጁ ከነሳይክሉ 70 ኪሎ ቢመዝን፣ ያን ያህል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ከ1 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነውን ነፋሱ ይወስደዋል። ፈርቶ፣ ፍሬኑን ሳይለቅ ቀስ እያለ የሚወርድ ልጅ ግን አብዛኛውን ቸርኬው ላይ ነው የሚያስቀምጠው። የጋለ ቸርኬ ውስጥ ያለ ካላማዳሪያ (አየር የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ይዳከማል፤ በማስቲሽ የተለጠፈ ጥጋኝ ካለበት ጥጋኙ ይለቃል። ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማ ድንገት ሲተነፍስ መሪው አይታዘዝም።

አሮጌ ባለማርሽ ስላሉኝ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚጨብጥ ፍሬን ነው ብዬ ልቀጥል። ዲስክ ከሆነ ስለ ቸርኬው የምለውን ይዝለሉት፤ ዲስኩን ግን በጣትም ሆነ በዘይት አያስነኩት።

መጀመሪያ ቸርኬው ከምን እንደተሠራ ይወቁ። ከተበላሸ ሬዲዮ ማጉያ ላይ ማግኔት ነቅለው ያስጠጉበት። ከያዘ ብረት ነው። ብረት ቸርኬ ደረቅ ሲሆን ደህና ይይዛል፤ ዝናብ ሲነካው ግን ፍሬኑ የለም ማለት ይቀላል። እንዲህ ዓይነቱን ሳይክል በክረምትም ሆነ በበልግ ዝናብ ቁልቁለት ላይ አያውጡት፤ የትኛውም ማስተካከያ አይለውጠውም። ማግኔቱ ካልያዘ አልሙኒየም ነው፣ የተሻለ ነው። እሱንም ቢሆን የፍሬኑ ጎማ የሚነካበትን ጎን በጥፍርዎ ከላይ ወደ ታች ይዳስሱት። መሃሉ ጎድጉዶ ዳርና ዳሩ እንደ ከንፈር ከቀረ ቸርኬው አልቋል። በፍሬን የሳሳ ቸርኬ ጎማው በደንብ ሲነፋ ጎኑ ሊቀደድ ይችላል፤ መቀየር ብቻ ነው መፍትሔው።

ከዚያ የፍሬኑን ጎማዎች ፈትተው ያውጧቸው። ብዙዎቹ በ5 ሚሊ ሜትር ብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ይፈታሉ፤ አንዳንዶቹ በ10 ቁልፍ። ዋሸሮቹ የተደረደሩበትን መልክ ከመፍታትዎ በፊት በስልክ ፎቶ ያንሱት፤ ሲመልሱ ይጠቅምዎታል። ጎማው ፊት ላይ የተሰነጠቁ መስመሮች አሉ። መስመሮቹ ከጠፉ ጎማው አልቋል፣ አዲስ ይግዙ። መስመሮቹ እያሉ ፊቱ እንደ መስታወት ካብለጨለጨ ደርቋልና ብርጭቆ ወረቀት ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግተው ጥቁሩ ጎማ እስኪወጣ ይሹት። ፀሐይ ላይ ይዘው ቢያዩት ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ የአልሙኒየም ፍንጣሪዎች ተሰክተውበት ሊያገኙ ይችላሉ። አንድ በአንድ በመርፌ ይልቀሟቸው። ቸርኬውን እንደ ሞረድ የሚበሉት እነሱ ናቸው፤ ከጩኸቱም ገሚሱ የእነሱ ነው። ቸርኬውን ደግሞ በዕቃ ማጠቢያ ሳሙናና በሞቀ ውሃ አጥበው በንጹሕ ጨርቅ ያድርቁት።

ሲመልሱት የፍሬኑ ጎማ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት። ከፍ ብሎ የጎማውን ጎን ከነካ ጎኑን እየፋቀ ይቀድደዋል፤ ዝቅ ብሎ ከቸርኬው ከወረደ ደግሞ አንድ ቀን ተንሸራትቶ ራጂው ውስጥ ይገባል። ጩኸቱን ለማጥፋት ደግሞ ይህን ያድርጉ። አንድ ቁራጭ ካርቶን አጥፈው በፍሬኑ ጎማና በቸርኬው መካከል፣ ወደ ኋላ በሚያየው ጫፍ በኩል ብቻ ይሰኩት። ልጁ እጀታውን ጨብጦ ሳይለቅ ይያዝ፣ እርስዎ ብሎኑን ያጥብቁ። ካርቶኑ ሲወጣ ወደ ፊት የሚያየው ጫፍ በ1 ሚሊ ሜትር ያህል ቀድሞ ይነካል። ያን ጊዜ ጩኸቱ ወይ ይጠፋል ወይ በጣም ይቀንሳል።

አሁን እጀታው። ሽቦው እጀታው ውስጥ የሚሰካበትን ጫፍ በደንብ ይዩት፤ ከክሮቹ አንዱ እንኳ ተበጥሶ ከሆነ ሽቦውን ይቀይሩ። በሁሉም ዓይነት ብልሃት አምናለሁ፣ የተበጠሰ የፍሬን ሽቦ ቋጥሮ በመጠቀም ግን አላምንም። ሽቦው ደህና ከሆነ እጀታው ሥር ያለችውን ማወጠሪያ ብሎን እስከ መጨረሻው ወደ ውስጥ አስገብተው አንድ ሁለት ዙር ብቻ ይመልሷት። ከዚያ ፍሬኑ ክንድ ላይ ሽቦውን የያዘውን ብሎን ያላሉ፣ ሁለቱን ክንዶች በእጅ ቸርኬው ላይ ያጣብቁ፣ ሽቦውን በፒንሳ ይሳቡ፣ ጥቂት ለቀቅ አድርገው ያጥብቁ። ሲለቀቅ በየጎኑ ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል። አንዱ ጎን እየነካ ሌላው ከራቀ፣ ከክንዶቹ ሥር ያሉትን ትንንሽ ብሎኖች በካቻቢቴ ሩብ ሩብ ዙር ይሞክሯቸው። የሚነካውን ጎን ብሎን ሲያጠብቁ ስፕሪንጉ ይጠነክርና ክንዱን ከቸርኬው ያርቀዋል።

ፈተናው እቤት ይሁን። ሳይክሉ ቆሞ እያለ እጀታውን ባለ በሌለ ኃይልዎ ደጋግመው ይጨብጡት። ሽቦው የሚያመልጥ ከሆነ እዚሁ ግቢ ውስጥ ያምልጥ። ተጨብጦም በእጀታውና በመሪው መካከል ሁለት ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ሊቀር ይገባል። ከዚያ ሳይክሉን ወደ ፊት እየገፉ የፊቱን ፍሬን ብቻ ይያዙ፤ የኋላው ጎማ ከመሬት መነሳት አለበት። የኋላውን ብቻ ሲይዙ ደግሞ ጎማው ሳይዞር መጎተት አለበት። የትኛው እጀታ የፊቱ እንደሆነ ሳይክል ከሳይክል ይለያያልና ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪያውቀው ይለማመድ።

ቀጥሎ የሚይዙት ነገሮች። ይህ አጭር ነው፣ ግን አይዝለሉት። የፊትና የኋላ ጎማ ዳዶዎች በብዛት በ15 ቁልፍ ይጠብቃሉ፤ ሁለቱንም ጎን ተራ በተራ ያጥብቁ። በዳዶ ፈንታ በእጅ የሚዘጋ ማንሻ ካለው፣ ሲዘጋ ከመሃል ጀምሮ መክበድና መዳፍዎ ላይ ምልክት መተው አለበት፤ በአንድ ጣት የሚዘጋ ከሆነ ላልቷል። የፊቱን ጎማ በጉልበቶችዎ መሃል አጥብቀው መሪውን ለማዞር ይሞክሩ፤ መሪው ብቻውን ከዞረ ብሎኑ ይጥበቅ። የመሪውና የኮርቻው ዘንጎች ላይ ወደ ውስጥ መግባት ያለባቸውን ዝቅተኛ ልክ የሚያሳይ መስመር አለ። መስመሩ ከውጭ የሚታይ ከሆነ ከልክ በላይ ወጥቷል፣ ሊሰበር ይችላል። ልጆች ቁመታቸው ሲጨምር ኮርቻውን ዝም ብለው ስለሚያወጡት ይህን በየጊዜው ይዩ። የፊቱን ፍሬን ይዘው ሳይክሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሲያወዛውዙት መሪው ሥር ቀጭ ቀጭ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል፣ ለሠሪ ነው።

ፔዳል ሲያጠብቁ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የቀኙ እንደማንኛውም ብሎን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፤ የግራው ግን ተገላቢጦሽ ነው፣ ወደ ግራ ነው የሚጠብቀው። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚያዞሩ ሰዎች ፔዳሉ የሚገባበትን ጥርስ ይበሉትና ክንዱን በሙሉ ያስቀይሩታል።

ጎማው ጎን ላይ የሚነፋበት መጠን ተጽፏል፤ በ26 ኢንች የተራራ ሳይክል ጎማዎች ላይ ከ40 እስከ 65 ፒኤስአይ የሚል የተለመደ ነው። እባክዎ የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ላይ አይተማመኑ። ለአይሱዙ ጎማ የተዘጋጀ አየር ትንሿን የሳይክል ካላማዳሪያ በሰከንዶች ውስጥ ከልኳ ያሳልፋታል፤ ፈንድታ ጎማዋን ከቸርኬው ያስወጣች ብዙ አይቻለሁ። የእጅ መንፊያ ይሻላል። ከጎኑ ስንጥቅጥቅ ያለ ወይም ክሩ የታየ ጎማ ደግሞ ለሰፈር እንጂ ለቁልቁለት አይሆንም። ጥጋኝ ያለውን ካላማዳሪያ ወደ ኋላ፣ ጥጋኝ የሌለውን ወደ ፊት ያድርጉ። የኋላው ሲተነፍስ ሳይክሉ ይወዛወዛል፤ የፊቱ ሲተነፍስ ግን ሰው ይጥላል።

እሾህ ሲወጋው ቀዳዳውን ውሃ ውስጥ ከትተው በአረፋው ያግኙት። ከመለጠፍዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ይዳስሱ፤ ጨርቁ የያዘበት ቦታ እሾሁ አለ። በባዶ ጣት አይሞክሩት፣ የግራር እሾህ አይምርም። ካላማዳሪያውን በብርጭቆ ወረቀት አሻክረው፣ ማስቲሹን ስስ አድርገው ቀብተው፣ ሲነካ እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን 5 ደቂቃ ያህል ይጠብቁ፤ ከዚያ ነው የሚለጠፈው። በእርጥቡ የተለጠፈ ጥጋኝ በነጋታው ይተነፍሳል። ሰው ሁሉ የሚቸኩለው እዚች ላይ ነው።

አሁን ወደ ማርሹ። የወደቀው ካቴና ከሚዘለው ይልቅ አደገኛ ነው። ራጂው ውስጥ ገብቶ የኋላውን ጎማ ድንገት ይቆልፈዋል፣ ራጂም ይበጥሳል። መጀመሪያ ከሳይክሉ ኋላ ቁጢጥ ብለው ማርሽ ቀያሪውን ይዩት። ሁለቱ ትንንሽ ጥርሶች ከኋላ ክብ ጥርሶች ጋር በአንድ ቀጥታ መሰለፍ አለባቸው። ታችኛው ወደ ራጂው ካዘመመ የተሰቀለበት ብረት ተጣሟል፤ ሳይክሉ በቀኝ ጎኑ ወድቋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ብሎን ማዞር አይረዳም፣ ሠሪ ጋ ወስደው ያስቃኑት።

ቀጥ ያለ ከሆነ ቀያሪው ላይ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች አሉ፤ በአጠገባቸው «ኤል» እና «ኤች» የሚባሉት የላቲን ፊደላት ተጽፈዋል። ኤል የተጻፈባት ቀያሪው ወደ ራጂው በኩል የት ድረስ እንዲሄድ ትወስናለች፤ ኤች የተጻፈባት ደግሞ ወደ ውጭ በኩል። የእርስዎ ችግር ኤል ናት። የኋላው ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ አንድ ሰው ፔዳሉን ቀስ ብሎ እያዞረ፣ ካቴናውን ትልቁ ጥርስ ላይ ያውጡት። ላይኛዋ ትንሽ ጥርስ ልክ ከትልቁ ጥርስ ሥር እስክትቆም ብሎኗን ወደ ቀኝ ሩብ ሩብ ዙር ያስገቧት። ከዚያ ቀያሪውን በእጅ ወደ ራጂው ይግፉት፤ ከዚያ አልፎ መሄድ የለበትም። ጣትዎን ከሚዞረው ካቴናና ከጥርሱ ያርቁ፤ ጣቱን የሳይክል ጥርስ የበላው ሠሪ በየከተማው አለ።

ማርሹ ወደ ትልቁ ጥርስ ለመውጣት ካንገራገረ፣ የካምቢዮው ሽቦ ቀያሪው ውስጥ በሚገባበት ቦታ ያለችውን ማወጠሪያ በግማሽ ዙር ወደ ግራ ያዙሯት። ወደ ትንሹ ለመውረድ ካንገራገረ ወደ ቀኝ። እያዞሩም ካልተስተካከለ ሽቦው ልባሱ ውስጥ ዝጓልና ሽቦውን ከነልባሱ ይቀይሩት፤ ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ መለዋወጫው አይጠፋም።

ዳገት ላይ ጠንክሮ ሲረገጥ መዝለሉ ግን አብዛኛውን ጊዜ የካቴና ማለቅ ነው። ይለኩት። የብረት ሜትር ይያዙና ከአንዱ ካስማ መሃል ጀምረው 24 ካስማ ይቁጠሩ፣ የጀመሩበትን ሳይጨምሩ። አዲስ ካቴና ላይ 30.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። 30.6 ካለፈ ካቴናውን ይቀይሩ። 30.8 ከደረሰ የኋላ ጥርሶቹም አብረው ተበልተዋል፤ አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ እንዲያውም ከበፊቱ ይብስ ይዘላል። ጥርሱን መፍታት ለየት ያለ መፍቻ ይፈልጋልና ሁለቱን ገዝተው ለሠሪ ይስጡት። ልኩ ጥሩ ሆኖ በየተወሰነ ዙር አንድ ጊዜ ብቻ የሚዘል ከሆነ፣ አንዷ የካቴና ቀለበት ግትር ብላለች። ፔዳሉን ወደ ኋላ ቀስ ብለው ሲያዞሩ ቀያሪው ጋ ስትደርስ ተጣጥፋ ትቀራለች። በእጅ ግራና ቀኝ አላልተው ዘይት ጠብ ያድርጉባት።

የምግብ ዘይቱን ለወጥ ይተዉት። አየር ሲያገኘው ሙጫ ይሆናል፣ አቧራውንም ይሰበስባል። ከመኪና የተቀዳ የተቃጠለ ዘይትም ቢሆን ጥቀርሻና የብረት ዱቄት የያዘ ነው። የስፌት መኪና ዘይት ደህና ነው፣ ቶሎ ቶሎ መድገም ቢያስፈልገውም። አስቀድመው ካቴናውን በነጭ ጋዝ በነከሩት ብሩሽ ይጥረጉት፤ ውጭ ላይ፣ ከሰል ከተያያዘበት ምድጃ ርቀው። ሲደርቅ በየቀለበቱ አንድ ጠብታ ብቻ ያድርጉ፣ ፔዳሉን ወደ ኋላ ጥቂት ዙር ያሽከርክሩ፣ ከዚያ ውጭውን በደረቅ ጨርቅ ጥርግ አድርገው ያንሱት። ዘይቱ የሚፈለገው ውስጥ ነው፣ ውጭ የቀረው አፈር መሰብሰቢያ ነው። አሮጌ ሳይክል የሚሸጡ ሰዎች ካቴናውን በዘይት አጥግበው የሚያወጡት ስለሚያብለጨልጭና ድምፁን ስለሚያጠፋ ነው፤ የእርስዎም እንዲህ ሆኖ ተሽጦልዎት ከሆነ አይገርመኝም። ዘይቱ ቸርኬ ላይ ከተረጨ ወዲያው በሳሙና ይጠቡት።

ለሠሪ የሚቀረው እንግዲህ ይህ ነው፦ የጎማዎቹ፣ የመሪውና የፔዳሉ መሃል ኩሽኔታዎች፣ የተጣመመ ብረት፣ የኋላ ጥርስ። ቸርኬው ሲዞር ግራና ቀኝ የሚል ከሆነም ራጂውን ለሚያውቅ ይስጡት፤ አንዱን ሲስቡ ሌላው ይላላል፣ ጀማሪ ሰው ጎማውን እንቁላል አድርጎት ያርፋል።

ስለ ኮምቦልቻው ጉዞ ከጠየቁኝ፣ ዘንድሮ አይውረድ። የመጀመሪያውን ወር ሳይክሉን ሰፈር ውስጥ ይንዳ፤ አዲስ የተወጠረ ሽቦ ይረግባልና በሁለተኛው ሳምንት ፍሬኑ እንደገና ይወጠር። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ ባለ ተሳቢ መኪና ነጂ ልጅ አያይም። አንድ ቀን ከትልቅ ሰው ጋር ቢወርድ እንኳ በጠራ ቀን፣ በጠዋት፣ የራስ ቁር አድርጎ ይሁን። ፍሬኑን ሳይለቅ እየጎተተ አይውረድ፤ ጠንከር አድርጎ ይያዝ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቅ፣ የፊትና የኋላውን ያፈራርቅ። በየተወሰነው ቦታ ቆሞ ቸርኬው ላይ ጥቂት ውሃ ጠብ ያድርግ፤ ውሃው ጭስ ብሎ ከተነነ ቁጭ ብሎ ያብርደው።

ኮምቦልቻ ደርሶ ሜዳው ላይ መንዳት ብቻ ከሆነ ፍላጎቱ፣ ሳይክሉን ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጭነው ይላኩት። ሲጫን በግራ ጎኑ ይተኛ፣ ማርሽ ቀያሪው ወደ ላይ ይሁን፤ ከላይ ማዳበሪያ እንዳይጫንበት ለረዳቱ ይንገሩት። ሲወርድ ልጁ እንደገና ከኋላ ቁጢጥ ብሎ ቀያሪው ቀጥ ማለቱን ይይ። የፊት ጎማው ተፈትቶ ተጭኖ ከነበረ ደግሞ ዳዶዎቹ መጥበቃቸውንና የፊቱ ፍሬን ሽቦ ወደ መንጠቆው መመለሱን ሳያረጋግጥ እንዳይወጣበት።